ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ አልነሳ ሲል፦ ኮምፒውተሩን ከመቀየርህ በፊት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ የማመላልስበት ጀልባ አለኝ። ሞተሩ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 4 ምት ያማሃ ነው። ካርቡራቶር የለውም፣ ኢንጀክሽን ነው። ያገለገለ ሆኖ ከዱባይ የመጣ ነው። ክረምቱን ሳይሠራ ከረመ። አሁን መስከረም ላይ ላስነሳው ስሞክር ሞተሪኖው (የኤሌክትሪክ ማስነሻው) ደህና አድርጎ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን ጭራሽ አይነሳም። ከመቆሙ በፊትም ከዘጌ ልንመለስ ስንል፣ ሞቆ እያለ፣ አንዳንዴ ያስቸግረኝ ነበር። ባትሪውን ቻርጅ አደረግኩ፤ ካንዴላዎቹንም ቀየርኩ። አንድ መካኒክ አይቶት ‹ኮምፒውተሩ ሄዷል፣ ቀይረው› አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለጊዜው ኪስህ ውስጥ አቆየው። የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮምፒውተሩ፣ ማለትም እሳቱንና ነዳጁን የሚያዘው የሞተሩ ኤሌክትሮኒክ ሳጥን፣ ነው የሚያስብል ምንም ምልክት አላየሁበትም። ኮምፒውተር ሊበላሽ ይችላል፤ ግን የሚፈረድበት ሌላው ሁሉ ተለክቶ ደህና መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። አንተ ጋ ገና ምንም አልተለካም።

ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ፍንጮች አሉ። አንደኛው ሦስት ወር ያህል መቆሙ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከመቆሙ በፊት ሞቆ ሲጠፋ መልሶ ለመነሳት ማስቸገሩ። ሁለቱን ሳጋጥማቸው ጥርጣሬዬ ወደ ነዳጅ መስመሩ ያዘነብላል፤ በተለይ ቤንዚኑን በከፍተኛ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ (ነዳጁን ወደ ሞተሩ ወደሚረጩት) ወደሚገፋው ክፍል። ግን ጥርጣሬ ስለሆነ እኔንም አትመነኝ። የሚታመነው ሞተሩ ራሱ ነው። በቅደም ተከተል ከጠየቅከው ይመልስልሃል።

ከመጀመርህ በፊት ስለ ደህንነት ልናገር። ጀልባውን ውሃ ላይ አስረህ፣ ፕሮፔለሩ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ሥራ። መሬት ላይ ከሆነ ሞተሩ ድንገት ቢነሳ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስበው የጎማ ክንፍ በደረቁ ዞሮ በሴኮንዶች ውስጥ ይቃጠላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጀልባው ወለል ላይ ይተኛል እንጂ ወደ ላይ አይሄድም። ስለዚህ ሲጋራ አይኑር፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይሁን። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ5 ሴኮንድ በላይ አታዙረው። ካልተነሳ ቢያንስ 10 ሴኮንድ አሳርፈው። ረጅም ማዞር ባትሪውን ይጨርሳል፣ ሞተሪኖውንም ያቃጥላል።

አሁን ቀዩን ገመድ እይ። ከቁልፉ አጠገብ ያለችውን፣ ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩን የምታጠፋውን ማለቴ ነው። መቆንጠጫዋ በትክክል ካልገባች ብዙ ሞተሮች ላይ ሞተሪኖው እንደ ወትሮው ያዞራል፤ እሳት (የካንዴላዎቹ ብልጭታ) ግን የለም። አንተ እዚያ ላይ ዓመታት ስለሠራህ ታውቀዋለህ። ይሁን እንጂ መቆንጠጫዋ አርጅታ ወይም በሌላ መተኪያ ተተክታ ከሆነ ሳትገባ የገባች ትመስላለች። አውጥተህ መልሰህ አስገባት፣ ማብሪያዋንም ደጋግመህ ጫን ለቀቅ አድርጋት። የውስጧ ብረት ክረምቱን ዝጎ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ባትሪው። «ቻርጅ አደረግኩ» ብለሃል። ቻርጅ መደረጉና ጉልበት መያዙ ግን የተለያዩ ናቸው። ቴስተር ያዝ። ሞልቶ ካደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ታነባለህ። 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከወረደ ባዶ በለው። ዋናው ንባብ ግን ሞተሪኖው እያዞረ ያለው ነው። አንድ ሰው ቁልፉን ይያዝልህና አንተ ቴስተሩን ባትሪው ላይ እንደያዝክ ተመልከት። ቁጥሩ ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሪኖው ከሚገባው በላይ እየሳበ ነው። ካርቡራቶር ያለው ሞተር በደከመ ባትሪም እየተጎተተ ይነሳል፤ በገመድ ተስቦም ይነሳል። የኢንጀክሽን ሞተር ግን ኮምፒውተሩም፣ የነዳጁ ፖምፓም፣ ኢንጀክተሩም፣ እሳቱም ከአንድ ባትሪ ነው የሚበሉት። ሞተሪኖው አብዛኛውን ከወሰደው ለሌሎቹ የሚተርፋቸው አይበቃቸውም። ሞተሩ ሲዞር ትሰማለህ፣ ኮምፒውተሩ ግን ተኝቷል። «ኮምፒውተሩ ሄዷል» ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹ እንዲህ የተራቡ ናቸው።

ባትሪው ደህና ቁጥር ካሳየህ ያንኑ ልኬት ሞተሩ ላይ ድገመው። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ሞተሪኖው ላይ ገመዱ የታሰረበት ቦታ፣ ጥቁሩን ደግሞ ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አሳርፍ። ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ላይ 10.8 እያየህ ሞተሩ ላይ 9 ካየህ የጎደለው ገመዱና ማሰሪያው ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ፍታና በብረት ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ፈትገህ መልሰህ እሰር። የእጅ ማጥበቂያ ያላቸው የባትሪ ማሰሪያዎች ጀልባ ላይ በንዝረት ይላላሉ። እኔ በመፍቻ የሚጠብቀውን እመርጣለሁ። ደግሞም ሞተሩ የመጣው ከዱባይ ነው። ጣና ጨው የለውም፤ ሞተርህ ግን እዚያ የሠራው ጨው ውሃ ላይ ሊሆን ይችላል። የጨው ዝገት ሶኬቶች ውስጥ ገብቶ ቆይቶ ቆይቶ ነው የሚታየው። ኮፈኑን አንሥተህ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ንቀላቸውና አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ያለበትን ፈልግ። ሶኬት ስትነቅል ቁልፉ መጥፋቱን አትርሳ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሞተሪኖውን ሳትነካ ቁልፉን አንድ እርምጃ ብቻ አብራና ዝም ብለህ አድምጥ። አካባቢው ጸጥ ይበል፣ ኮፈኑ ክፍት ይሁን። ለጥቂት ሴኮንድ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ሰምተህ ከቆመ የከፍተኛ ግፊቱ ፖምፓ ሠርቷል። አንዳንድ ሞዴሎች ፖምፓውን የሚያበሩት ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፅ ካልሰማህ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን እያዞረ አንተ እጅህን ፖምፓው ያለበት ጋን ላይ አሳርፍ። ንዝረቱ በእጅ ይታወቃል። ልብስህና እጅህ ከሚሽከረከረው የሞተሩ ጎማ ይራቅ።

ጋን ያልኩት ምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የነገሩ ቁልፍ እሷ ላይ ነው። ቤንዚን ከታንኩ ወጥቶ በእጅ በሚጨመቀው የጎማ ፖምፓ ያልፋል። ከዚያ ሞተሩ ላይ ባለችው ፊልትሮ ይገባል። በሞተሩ እንቅስቃሴ የምትሠራ ትንሽ ፖምፓ ስባ ከሞተሩ ጎን ወዳለች ትንሽ ጋን ትጨምረዋለች። ይቺን ጋን መካኒኮች ቪኤስቲ ይሏታል። ውስጧ ተንሳፋፊና መርፌ ቫልቭ አለ። ስትሞላ መርፌው ይዘጋል፣ ስትጎድል ይከፍታል። የኤሌክትሪኩ ፖምፓም የተቀመጠው እዚያው ውስጥ ነው። ከጋኗ ወስዶ ብዙ ሞተሮች ላይ ወደ 3 ባር በሚጠጋ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ ይገፋል። ትርፉ ወደ ጋኗ ይመለሳል። የራስህን ሞዴል ትክክለኛ ቁጥር የጥገና መጽሐፉ ላይ ታገኘዋለህ።

ድምፅ ከሌለ ፊውዞቹን እይ። ኮፈኑ ሥር የፊውዝ ሳጥን አለ። በዓይን ብቻ አትመን፤ በቴስተር ለካቸው። የተቃጠለ ካገኘህ በዚያው አምፔር ብቻ ተካ። መልሶ ከተቃጠለ ገመድ ተላልጦ የነካ ቦታ አለ ወይም ፖምፓው ተጣብቆ ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ፊውዙ ደህና ከሆነ የፖምፓውን ሶኬት ነቅለህ ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ላይ ካነበብከው ጋር የሚቀራረብ ቮልት ይመጣ እንደሆነ ለካ። መብራት መጥቶ ፖምፓው ዝም ካለ ጥፋተኛው ፖምፓው ነው። መብራቱ ራሱ ካልመጣ ሪሌው (መብራቱን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ)፣ ገመዱ ወይም ከዚያ በላይ ያለው ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ይቺ አንዲት ልኬት ብቻ ብዙ ሺህ ብር ታድንሃለች።

ቆሞ የከረመ ፖምፓ መጣበቅ ይወዳል። በጋኗ ውስጥ የቀረችው ትንሽ ቤንዚን ቀላሉ ክፍሏ ተንኖ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ትተዋለች። አንድ ሰው ሞተሪኖውን እያዞረ በመፍቻ እጀታ ጋኗን በቀስታ ኳ ኳ ብታደርጋት አንዳንዴ ይነቃል። ከነቃ በሽታውን አወቅክ ማለት ነው እንጂ አልዳነም። በዚያ ፖምፓ እንግዳ ጭነህ ደቅ ደሴት ድረስ አትሂድ።

ፖምፓው ይሠራል እንበል። ታዲያ ነዳጅ አለው ወይ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጎማውን ፖምፓ ይጨምቃል። ትጠነክራለች። «ነዳጅ ደርሷል» ብሎ ያልፋል። ግን ሦስት ወር የቆመ ሞተር ላይ መርፌ ቫልቩ በዚያ ሙጫ ተጣብቆ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጎማዋ ድንጋይ ትሆናለች፤ ጋኗ ደግሞ ባዶ ናት። የሚለየው ጋኗ ሥር ያለችው ማፍሰሻ ብሎን ብቻ ናት። ቁልፉን አጥፋ፣ ባትሪውን ፍታ፣ ንጹሕ ብርጭቆ ወይም የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ሥሯ ያዝና ብሎኗን ላላ አድርጋት። የሚወጣውን ሁሉ ተቀበለው።

የወጣውን ብርሃን ላይ ይዘህ እየው። ምንም ካልወጣ መርፌው ተጣብቋል ወይም ነዳጁ እዚያ አይደርስም። ጥርት ያለ ቤንዚን ከወጣ ደህና። ቢጫነቱ ጠቁሮ እንደ አሮጌ ቀለም የሚሸት ከሆነ አርጅቷል። ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የሚንከባለል ወይም ለብቻው የተኛ ነገር ካየህ ውሃ ነው። ቡናማ ብናኝ ካለ ዝገት ገብቷል። ናሙናውን አትድፋው፤ አንድ ሰዓት ይቀመጥና እንደገና እየው። ውሃው ሙሉ በሙሉ ለመለየት ጊዜ ይፈልጋል። ሲጨርስ ብሎኗን መልሰህ ማጥበቅህን፣ የፈሰሰም ቤንዚን መድረቁን ሳታረጋግጥ ባትሪውን አትሰር።

ውሃ ብታገኝ አይገርመኝም። ባሕር ዳር ክረምቱ ኃይለኛ ነው። ክዳኑ ጎማው ያለቀ ታንክ ዝናብ ያስገባል። ግማሽ የቀረ ታንክ ደግሞ ቀን ሞቆ ማታ ሲቀዘቅዝ ከአየሩ እርጥበት ይጠባል። ያማሃ ላይ ያለችው የፊልትሮ ኩባያ ውስጥ ቀይ ቀለበት አለች። ኩባያዋ ውስጥ ውሃ ሲኖር ቀለበቷ ከሥሯ ትነሳለች። ፊልትሮውን ሳትፈታ በኩባያዋ ውስጥ ማየት ትችላለህ። ሌላም አለ። ነዳጅ ሲጠፋ ሁላችንም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ገዝተናል። የዚያ ቤንዚን ምንጩ አይታወቅም። ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ የነካው ሊሆን ይችላል፤ የተቀዳበት ጀሪካን ትናንት ውሃ የያዘ ሊሆን ይችላል። ኢንጀክተር እንደ ካርቡራቶር ቆሻሻ አይችልም። ቀዳዳዎቹ እጅግ ቀጫጭን ናቸው።

ስለዚህ አንድ ሙከራ እመክርሃለሁ፤ ከሁሉም ምክሬ ብትይዘው የምመርጠው ይህን ነው። የጀልባውን ታንክ፣ ቱቦና የጎማ ፖምፓ ሁሉንም ተዋቸው። ከጓደኛህ ተንቀሳቃሽ ታንክ ከነቱቦውና ከነጎማ ፖምፓው ተዋስ። ከማደያ የተቀዳ ጥቂት ሊትር አዲስ ቤንዚን ጨምርበት። የታንኩን የአየር ብሎን ክፈት፣ ሞተሩ ላይ ሰካው። የጎማ ፖምፓዋን የሞተር በኩል ጫፏን ወደ ላይ አቁመህ እስክትጠነክር ጭመቅ፤ ከዚያ አስነሳ። ጋኗን አስቀድመህ ካፈሰስክ ሙከራው ንጹሕ ይሆናል። በዚህ ከተነሳ ሞተርህ ደህና ነው፣ ችግሩ ታንክህና መስመርህ ላይ ነው። ካልተነሳ ደግሞ ግማሹን ጥርጣሬ በአንድ ቀን ጥለኸዋል።

የጎማ ፖምፓዋ ራሷም ትናገራለች፣ ልብ ካልካት። ብትጨምቃት ብትጨምቃት ካልጠነከረች አየር የሚስብ ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ የቱቦው መጋጠሚያ ላይ ያለችው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ናት። ከተጨመቀች በኋላ ተጣብቃ ከቀረች ከታንክ በኩል ተዘግቷል። የታንኩን ክዳን ከፍተህ «ፉስስ» ብሎ አየር ሲገባ ከሰማህ የታንኩ አየር መሳቢያ ታፍኗል። ክረምቱን የቆመ ጀልባ ላይ ቀዳዳዋ ውስጥ ተርብ ጭቃ ጠቅጥቆባት ሊሆን ይችላል። በቀጭን ሽቦ አጽዳት።

አሁን ካንዴላ። አዲስ መቀየርህ ጥሩ ነው፤ ግን ካንዴላ መርማሪ መሣሪያም ነው። ሞተሪኖውን 5 ሴኮንድ አዙርና ወዲያው አንዷን ፈትተህ ጫፏን እይ። ደረቅ ከሆነች ቤንዚን ሲሊንደሩ ውስጥ አልገባም። በቤንዚን ረጥባ ከወጣች ነዳጅ ደርሷል፤ የጎደለው እሳት ነው ወይም ከመጠን በላይ ጠጥቷል። የውሃ ጠብታ ካለባት ጉዳዩ ከባድ ሊሆን ስለሚችል እዚያው ቆመህ ለባለሙያ አሳይ። አራቱንም ካንዴላዎች በሲሊንደር ቅደም ተከተላቸው ደርድራቸው። አንዷ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየች የዚያ ሲሊንደር ኢንጀክተር ወይም እሳቱን የሚያመነጨው ኮይል ነው። ያ ግን ሞተሩን ጭራሽ አልነሳም አያስብለውም፤ እየተንቀጠቀጠ ይነሳ ነበር።

እሳቱን ስትፈትሽ የድሮውን ዘዴ ተው። ካንዴላ በእጅ ይዞ ብረት ላይ ማስጠጋት ለካርቡራቶር ሞተርም አይመከርም፤ እዚህ ጋ ደግሞ አደጋው ሁለት ነው። እሳቱ መሄጃ ካጣ ኮይሉንና ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል፤ ያኔ ያልታመመ ኮምፒውተር በእውነት ይሞታል። በተጨማሪም ከተከፈተው የካንዴላ ቀዳዳ የቤንዚን ትነት እየወጣ እሳት ትለኩሳለህ። የእሳት መሞከሪያ መሣሪያ ዋጋው ቀላል ነው። ገዝተህ በደንብ ብረት ላይ አስረህ፣ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት ነቅለህ ሞክር።

አሁን መካኒክህ ወዳለው ነገር ልመለስ። እሳት አለ፣ ነዳጅ የለም ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሥራውን እየሠራ ነው። እሳት የሚያዘው እሱ ነውና ችግሩን ነዳጁ ጋ ፈልግ። ነዳጅ አለ፣ እሳት የለም ከሆነ ኮይል፣ የካንዴላ ገመድ፣ የእሳት መስመሩ ፊውዝ። ሁለቱም በአንዴ ከጠፉ ነው ወደ ጋራ ምንጫቸው የምንወጣው። እዚያም ቢሆን ኮምፒውተሩ መጨረሻ ላይ ነው ተራው። መጀመሪያ ቀዩ ገመድና ማብሪያው፣ ቀጥሎ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው መብራትና ዋናው ሪሌ፣ ቀጥሎ የሞተሩን መዞር የሚያነበው ሴንሰር። ይህ ሴንሰር ምልክት ካልሰጠ ኮምፒውተሩ ሞተሩ እየዞረ መሆኑን አያውቅም፤ እሳትም ነዳጅም አይሰጥም። ሞዴሉን የሚያነብ ሶፍትዌር ያለው ላፕቶፕ የያዘ ባለሙያ ካገኘህ ሞተሪኖው ሲዞር የሞተሩ ዙር ፍጥነት ስክሪኑ ላይ መታየት አለበት። ዜሮ ካለ ሴንሰሩን ወይም ገመዱን ነው። መካኒኩ ይህን ሳይለካ «ኮምፒውተር» ካለህ በአክብሮት አመስግነህ ተሰናበተው።

ሁለተኛው ፍንጭህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አሁን ብታስነሳውም ያ ችግር ይመለስብሃል። ዘጌ ደርሰህ ሞተሩን ታጠፋለህ። እንግዶችህ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ገዳም አይተው እስኪመለሱ ሞተሩ ፀሐይ ላይ ነው። ሞተር ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ውሃም ይቆማል። የብረቱ ሙቀት ወደ ጋኗና ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል። ኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ከጠፋ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች እንዲያውም ይጨምራል። ቤንዚኑ እዚያው ይፈላል። ፖምፓ ደግሞ ፈሳሽ ይገፋል እንጂ እንፋሎት አይገፋም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ውሃ እንኳ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቤንዚንም ዱባይ ከነበረበት ቀድሞ ይፈላል። ሞተሩ ከፍታውን በሴንሰሩ አንብቦ የሚረጨውን ነዳጅ ያስተካክላል፤ ካርቡራቶር ያላቸው እንደሚቸገሩት አይቸገርም። መፍላቱን ግን ሴንሰር አያስቀረውም።

ጤነኛ ፖምፓ ይህን አብዛኛውን ጊዜ ይወጣዋል። የደከመ ፖምፓ፣ የታፈነ ፊልትሮ ወይም አየር የሚስብ መጋጠሚያ ያለው ግን ይሸነፋል። «ሞቆ እያለ፣ አንዳንዴ ያስቸግረኝ ነበር» ስትል በሐምሌ የጀመረ ችግር እንዳልሆነ የገባኝ ለዚህ ነው። ማረጋገጫው የግፊት መለኪያ ነው። ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ ላይ ብዙ ሞተሮች መለኪያ መሰኪያ አላቸው፤ እንደ ጎማ ቫልቭ ያለች ናት። ፖምፓው ሲሠራ ቁጥሩ በፍጥነት ወጥቶ መጽሐፉ ባለው ቦታ መቆም አለበት። ቀስ እያለ ከወጣ ወይም ከዚያ በታች ከቀረ ፖምፓው ወይም ፊልትሮው ነው። ጥሩ ወጥቶ ቁልፉ ሲጠፋ ወዲያው ከወደቀ ግፊቱን የሚይዝ ቫልቭ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር አለ። መለኪያውን ስትነቅል ጨርቅ አልብሰው፤ በግፊት ያለ ቤንዚን ዓይን ውስጥ ይረጫል።

መንገድ ላይ ሞቆ ከቆመብህ ደግሞ እንዲህ አድርግ። ኮፈኑን አንሥተህ አየር ይግባው። የጎማ ፖምፓዋን በደንብ ጭመቃት። ሞተሪኖውን ሳትነካ ቁልፉን ጥቂት ጊዜ አብርተህ አጥፋ፤ በየጊዜው ፖምፓው ሥራውን እስኪጨርስ ጠብቀው። ውሃ የነከረ ጨርቅ ጋኗ ላይ ብታሳርፍ ይጠቅማል። ውሃ በባልዲ ግን ኮፈን ውስጥ አትድፋ፤ ሶኬቶቹ አሉ። በማዞር ብዛት ከመጠን በላይ ጠጥቶ ከሆነ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አረጋግጠህ ነዳጅ መስጫውን ከፍ አድርገህ አዙረው። እንደያዘ ወዲያው መልሰው።

ስታርቲንግ ፍሉይድ የሚባለውን ርጭት አትጠቀም። ሞተሩን ሊሰብር ይችላል፤ ጀልባ ላይ ደግሞ ቃጠሎ ነው።

ጋኗ ውስጥ ሙጫ ወይም ዝገት ካገኘህ ትፈታ፣ ትጽዳ፣ ጎማዎቿ ይቀየሩ። ኢንጀክተሮቹ በአልትራሳውንድ መሣሪያ መታጠብ ይችላሉ፤ የመኪና ኢንጀክተር የሚያጥቡ ጋራዦች ይሠሩታል፣ መጀመሪያ አንዱን ብቻ ሰጥተህ ውጤቱን እይ። ፖምፓው መቀየር ካለበት ከኮምፒውተሩ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ታንኩንና ሞተሩን በሚያገናኘው መስመር ላይ ደግሞ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ግጠም፤ 10 ማይክሮን የሚባለውን። ታንክህ ቋሚ ከሆነ ያለ እሱ የኢንጀክሽን ሞተር ማሠራት አይገባም እላለሁ። የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ ነዳጅ ማቆያ ፈሳሽ በአዲስ ቤንዚን ላይ ጨምረህ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠራው፤ ፈሳሹ ጋኗ ድረስ ይድረስ። ክረምቱ መሃልም አልፎ አልፎ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይነሳ። ባትሪው ከጀልባው ወርዶ ቤት ይግባ።

እነዚህን ስትሞክር አራት ነገር ጻፍልኝ፦ ሞተሪኖው ሲዞር ሞተሩ ላይ ያነበብከው ቮልት፣ ፖምፓው መሰማቱ ወይም አለመሰማቱ፣ ከጋኗ የወጣው ነገር ምን እንደሚመስል፣ እና ካንዴላዎቹ ደረቅ ወይም እርጥብ መሆናቸው። የናሙናውን ፎቶ ብርሃን ላይ አንሥተህ ላክልኝ። ከዚያ ቀጥሎ የቱን መፍታት እንዳለብህ እነግርሃለሁ።